ያልገጠመው ቀለም

የቀለም ቤቱ ደንበኞች ከማሽኑ ይልቅ ቀማሚዋን ነበር የሚያምኑት። ማሽኑ የቀለሙን ቁጥር ሲሰጡት ጠብ ጠብ እያደረገ ይቀምማል። እሷ ግን ከግድግዳ ተፍቆ በወረቀት የተጠቀለለ ቅርፊት ሲያመጡላት ወደ መስኮቱ ጠጋ ትላለች፣ በቀን ብርሃን ታየዋለች፣ ዐይኗን ጨፈን ገለጥ ታደርጋለች። ከዚያ «ትንሽ ቢጫ፣ አንድ የጥቁር ጠብታ፣ ቀዩን ደግሞ በመርፌ ጫፍ» ትላለች። ጣሳው ተበጥብጦ ሲከፈት ቅርፊቱና ቀለሙ መንትያ ናቸው።

እንዲህ ያለች ሴት የገዛ እጇን ቀለም ማዛመድ አቃታት።

ጠይም ቆዳዋ ላይ ከጣቶቿ ጫፍ እስከ አንጓዋ፣ ደግሞም ከጆሮዋ ሥር ወደ አንገቷ ወረድ ብሎ፣ ነጫጭ ቦታዎች አሉ። ለምጽ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ቀስ እያለ የመጣ። አያማትም፣ ወደ ሰው አይተላለፍም። ግን ይህን ለማን ታስረዳለች? አንድ ጊዜ ሊያጯት የመጡ ሰዎች እጇን አይተው ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነስተዋል። ያን ቀን እናቷ «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» እያለች የታጠበውን ብርጭቆ መልሳ ስታጥብ ዋለች።

ስለዚህ ቀማሚዋ ብልሃት አበጀች። ጠዋት ሱቅ እንደገባች፣ ማንም ሳያያት፣ ብሩሽ ነጭ ቀለም ውስጥ ነከር ታደርግና እጇ ላይ ፈንጠቅ ፈንጠቅ ታደርጋለች። አንገቷን በሻርፕ ትጠመጥማለች። ቀለም ቤት የምትሠራ ሴት እጇ ላይ ነጭ ቢታይ ማን ይገረማል? «ታታሪ ናት» ከማለት በቀር።

መሐንዲሱ የመጣው ከእናቱ ሳሎን ግድግዳ የተፋቀ ቅርፊት ይዞ ነበር። ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሲናገር ግን ድምፁ ዝቅ የሚል ሰው። የእናቱ ቤት ኮረብታው ላይ ካሉት፣ ከአጥር ውጭ ለቆመ ሰው ጣሪያቸው ብቻ ከሚታይ ቤቶች አንዱ ነው።

«አዛምጄ ልሰጥዎት እችላለሁ» አለችው ቅርፊቱን አገላብጣ። «ግን አይገጥምልዎትም።»

«ካዛመድሽው እንዴት አይገጥምም? ደግሞ አንቱ አትበይኝ፣ ሽበት ያበቅልብኛል።»

«ግድግዳውን ፀሐይ በልቶታል። መስኮቱ ጋ ያለው አንድ ዓይነት ነው፣ መጋረጃ የሚጋርደው ሌላ ነው። አንድ ቦታ ብቻ ከቀባህ እንደ ተጣፈ ሱሪ ነው የሚታየው። ከጥግ እስከ ጥግ ቀባው።»

አልሰማትም። ትንሿን ጣሳ ይዞ ሄደ። ከዚያ ለበሩ መጣ። ከዚያ ለአጥሩ። ከዚያ ለውሻው ቤት። ባለሱቁ አንድ ቀን አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ «ይህ ልጅ ቀለም ይጠጣል እንዴ? እኔ ይህን ያህል ግድግዳ ያለው ቤት አላውቅም» አለ። ቀማሚዋ ሳቋን በጣሳ ክዳን ሸፈነች። ከክዳኑ በላይ የቀሩት ዐይኖቿ ግን ከመሐንዲሱ ዐይኖች ጋር ተገናኙ፣ ሁለቱም ቶሎ መመለስ አልቻሉም።

እንዲህ እንዲህ እያለ ፍቅር ሆነ። ከሥራ በኋላ አብረው ይሄዳሉ። እሷ ሁልጊዜ እጆቿን ኪሷ ውስጥ ትከታለች።

አንድ ሐሙስ መሐንዲሱ ምንም ሳይገዛ መጣ።

«በሚቀጥለው ሳምንት እሑድ እናቴ ምሳ ጠርታሻለች» አላት።

«እኔን? ምን ብለህ ነግረሃት?»

«የቀለም ሱቁን ግማሽ ቤታችን ያስገባችው ልጅ አልኳት።» ሳቀ። «አትፍሪያት። ከላይ ስትታይ ነው የምትከብደው። በወጣትነቷ እኮ የሰፈሩ መነጋገሪያ ነበረች። ተፈጥሮዋ ገርጣ ያለ ነው፣ ግን መኝታ ቤቷ ውስጥ ቆዳ የሚያጠይም መብራት ነበራት። በክረምት ሰው ሁሉ ሲገረጣ እሷ ከባሕር ዳርቻ የተመለሰች ትመስል ነበር። አባቴ ‹እኔ ፀሐይን ነው ያገባሁት› ይል ነበር። ለቆዳዋ የነበራት ጥንቃቄ!»

እሱ ይህን ያወራው ልቧን ሊያረጋጋ ነው። እሷ የሰማችው ግን የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ነበር። ለቆዳዋ እንዲህ የምትጨነቅ ሴት የኔን ቆዳ ስታይ ምን ትል ይሆን?

መሐንዲሱ ጠረጴዛው ላይ ያለውን እጇን ሊይዝ እጁን ዘረጋ። ቀማሚዋ እሳት እንደነካት እጇን ሰበሰበች።

«ቀለም አለብኝ፣ ትቆሽሻለህ።»

የተዘረጋው እጁ ትንሽ ጊዜ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ቆየ። ሲወጣ ፊቱ ላይ ያየችው ነገር ቀኑን ሙሉ ተከተላት።

* * *

ነጩን ያጠይምልኛል ብላ፣ እንዲህ ያለውን መብራት ያገኘችው ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ነው። የመጽሐፍ መደርደሪያ የሚያህል ሳጥን፣ ውስጡ የተደረደሩ ረጃጅም አምፖሎች ያሉበት። የዐይን መከላከያ መነጽሩና የአጠቃቀም ወረቀቱ የት እንደጠፉ ሻጩም አያውቅም። «ሰክቶ ፊቱ መቀመጥ ነው» አላት፣ ስለ ቴሌቪዥን እንደሚያወራ ሁሉ።

እናቷ ለእንግዳ ማረፊያዎች መጋረጃ የምትሰፋ ሴት ናት። ሳሎኑ ዘወትር በጨርቅ የተሞላ ነው። መብራቱ በበሩ ሲገባ ከስፌት መኪናዋ ተነሳች።

«ይሄ ነገር ቤታችንን ያነደዋል።»

«እማዬ፣ መብራት እኮ ነው።»

«እሳትም ሲጀምር መብራት ነው!» አለችና በባልዲ ውሃ ሞልታ የልጇ በር ላይ አስቀመጠች።

«የኤሌክትሪክ እሳት ላይ ውሃ ልትደፊ? አንቺው ልትገድይኝ ነው?»

እናት አሰበች። «እንግዲያው አሸዋ ላምጣ።»

የመጀመሪያው ቀን ምንም አልተገኘም። ትንሽ ሙቀት፣ ትንሽ መቅላት፣ በማግስቱ ያም የለም። ቀማሚዋ መስታወቱ ፊት ቆማ በሙያዋ አሰበች። ቀለም ቀቢ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የመጀመሪያው እጅ ቅብ ቀጥኖ ከታየ መድኃኒቱ ሁለተኛ እጅ ነው። ያውም በወፍራሙ። እንግዲህ መብራቱም ቀለም መቀቢያ ነው፣ ነጩ ቦታ ደጋግሞ ቢቀባ እንደ ጎረቤቱ ይጠይማል አለች። ሳጥኑን ወደ ራሷ ጎተተች፣ እጆቿንና አንገቷን አስጠጋች፣ ዐይኗ ላይ ፎጣ ጣል አደረገች፣ እንደ ድመት ፀሐይ ላይ ተመቻቸች። ፎጣው በተንሸራተተ ቁጥር እያስተካከለች ቆየች። ምንም አላመማትም። ክፋቱ ያ ነው፤ ሲያቃጥል አይናገርም።

«የሚሸት ነገር የለም?» አለች እናት ከበሩ ወዲያ።

«የለም እማዬ።»

«እንግዲያው ሊሸት ነው።»

ጠዋት የነቃችው ዐይኗ ውስጥ አሸዋ የገባ መስሏት ነው። እንባዋ ይፈሳል፣ ብርሃን ይወጋታል። እጆቿ እንደ ጋለ ምጣድ ይፋጃሉ። እየተደናበረች መስታወቱ ጋ ደረሰች። ነጩ ቦታ ሁሉ ቲማቲም መስሏል፣ አንዳንዱም ውሃ ቋጥሯል። በዙሪያው ያለው ጠይም ቆዳ ደግሞ ይበልጥ ጠቁሯል። በፊት ድንበሩ ለስለስ ያለ ነበር። አሁን በእርሳስ የተሰመረ ይመስላል።

ያን ጊዜ የቀለም ዐይኗ እውነቱን ነገራት። ነጭ ከጥቁር ጎን ሲቀመጥ ይበልጥ ይነጣል። ይህን ለደንበኛ ሁሉ ስትናገር ኖራ የራሷ እጅ ላይ ረሳችው። ልትሸፍነው የደከመችበትን ነገር በገዛ እጇ ክፈፍ አበጀችለት። መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እንባው የተቃጠለውን አንገቷን ሲነካ ደግሞ ስለ ሕመሙ አለቀሰች።

እናቷ እየመራች የወሰደቻት የቆዳ ሐኪም ጎልማሳ ሴት ናት፣ አትጮህም፣ አትገላምጥም። የቀማሚዋን እጆች ቀስ ብላ አገላበጠቻቸው።

«መብራቱ የሚተፋው አልትራቫዮሌት ጨረር ነው፣ ፀሐይ ውስጥ ያለው ዓይነት» አለች። «ጠይሙ ቆዳሽ ሲመታ ቀለሙን እየጨመረ ራሱን ይከልላል። ነጩ ግን የሚከለልበት የለውም። ራቁቱን ነው። ስለዚህ አይጠይምም፣ ይቃጠላል።»

«ሆስፒታል በመብራት ያክማሉ ሲሉ ሰምቼ ነበር።»

«እናክማለን። ጨረሩ ተመርጦ፣ ተለክቶ፣ ዐይን ተሸፍኖ፣ ሐኪም እየተከታተለው። ያም ሆኖ ወራት ይፈጃል፣ ለሁሉም እኩል አይሠራም። ስትድኚ ከፈለግሽ እንነጋገርበታለን። አንቺ ያመጣሽው ግን ለማጠየሚያ የተሠራ ነው። ቆዳ በጨረር ሲጠይም ተጎዳሁ እያለ ነው፣ ሰው ግን ‹አማረብሽ› ይለዋል። ዛሬ ያቃጥላል፣ ሲደጋገም ቆዳን ያስረጃል፣ ከዓመታት በኋላ ካንሰርም ሊያመጣ ይችላል።»

የመጨረሻዋን ቃል ስትሰማ እናት ግድግዳውን ተደገፈች።

«ካንሰር!»

«አሁን አላልኩም እማማ። እንዳይደገም ነው። ይሄ በቅባትና በዕረፍት ይድናል፣ ዐይኗም ይመለሳል። መብራቱን ግን ሰባብራችሁ ጣሉት። ለሌላ ሰው እንዳትሰጡ።»

ወደ ቤት ሲመለሱ እናት ልጇን ከፀሐይ ለመከለል ጥላ ዘርግታ ዝም ብላ ሄደች። ዝም ማለት ልማዷ አልነበረም። በሩ ላይ ሲደርሱ ብቻ «እኔ ቤቱን ስጠብቅ ልጄ ነደደችብኝ» አለች፣ ድምፏም ተሰበረ። ቀማሚዋ በፋሻ በተጠቀለለ እጇ እናቷን ማቀፍ ስላልቻለች ግንባሯን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች። ሁለቱም እዚያው በሩ ላይ ቆሙ፣ ቁልፉን ማዞር ረስተው።

* * *

ለመሐንዲሱ የላከችው መልእክት አጭር ነበር። «እሑድ አልመጣም። ባክህ ለምን ብለህ አትጠይቀኝ። ሌላም ጊዜ አልመጣም።» ከዚያ ስልኩን ዘጋች።

እሑድ ቀትር ካለፈ በኋላ በሩ ተንኳኳ። ቀማሚዋ ከውስጥ ክፍል ሆና የእናቷን የተጨነቀ ድምፅ ሰማች።

«የለችም። ማለቴ... ተኝታለች። ማለቴ ወጥታ ተኝታለች።»

«እማማ፣ ወጥታ የት ትተኛለች?» አለ ዝቅ ያለው ድምፅ።

«እኔ ምን አውቅልሃለሁ ልጄ፣ የዛሬ ልጆች!»

ቀማሚዋ በሕመሟ መሃል ሳቅ አመለጣት። መሐንዲሱ ሳቋን ሰማ። የውስጠኛው በር መጋረጃ ሲገለጥ እጆቿን ብርድ ልብሱ ሥር ከተተች።

መሐንዲሱ በሩ ላይ ቆመ። ዐይኖቿ እንዳበጡ፣ አንገቷ እንደቀላ አየ። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ሂድ። ያልኩህ አልደረሰህም?»

«ደርሶኛል። አንብቤ አንብቤ በቃሌ ይዤዋለሁ። ግን ሰው ያለ ምክንያት አይባረርም። እናቴን ፈርተሽ ነው? ወይስ እኔ ሆኜ ነው ያስጠላሁሽ? እጅሽን በነካሁ ቁጥር ትሸሺኛለሽ።»

«ቀለም ስለነበረብኝ...»

«ቀለም አልነበረም» አላት።

ከሳሎን የስፌት መኪናው ድምፅ ይሰማል። እናቷ የማትሰማ ለመምሰል ባዶ መኪና ትረግጣለች።

«ምን አልክ?»

«መጀመሪያ የመጣሁ ቀን ከኔ በፊት ለነበረው ሰው አረንጓዴ ቀምመሽለት ነበር። ሽርጥሽ ላይ ያለው ፍንጣቂ ሁሉ አረንጓዴ፣ እጅሽ ላይ ያለው ነጭ። ያን ያህልማ ማሰብ አያቅተኝም። ደግሞ ቀለም ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ያንቺ ነጭ ግን ጣትሽ ሲታጠፍ አብሮ ይታጠፋል። ለምጽ እንደሆነ ያን ቀን አውቄያለሁ። ለውሻው ቤት ቀለም ልገዛ ስመጣም አውቃለሁ። ውሻ እንኳ የለንም።»

ቀማሚዋ ብርድ ልብሱን ረስታ ቀና አለች። መጀመሪያ የመጣባት ደስታ አልነበረም። ንዴት ነው።

«እያወቅህ! በየጠዋቱ ተደብቄ ራሴን ስቀባ፣ በሙቀት ሻርፕ ስጠመጥም፣ አንተ እያወቅህ ዝም ትላለህ? እንደ ምስኪን አዘንክልኝ?»

«አላዘንኩልሽም። ጠበቅሁሽ» አለ። ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። «ከዓለም ሁሉ ደብቀሽ ለኔ ብቻ የምታሳዪበት ቀን ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። ሳይመጣ ሲቀር ያላመነችው ሰውን ሳይሆን እኔን ነው አልኩ። ያ ነው ያመመኝ። እጅሽማ ምን አደረገኝ?»

ስንት ቀን ሙሉ የሱን ፊት እያሰበች ንቀት መስሏት የነበረው ነገር ናፍቆት ኖሯል። ቀስ ብላ እጆቿን ከብርድ ልብሱ ሥር አወጣች። ፋሻው፣ የቀላው ጣት፣ የተላጠው ቆዳ። ሁሉንም።

«የናትህን መብራት ስትነግረኝ...» ጀመረች፣ መጨረስ አልቻለችም።

መሐንዲሱ ገባው። ጭንቅላቱን ይዞ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «የኔ ምላስ ነው ያቃጠለሽ» አለ። እሷም መልሳ ልታጽናናው ፈለገች፤ እጁን ልትነካው ስትል ፋሻዋን አየችና ተወችው። እንዲህ ጎን ለጎን መቀመጣቸው ግን ከዚህ በፊት ከተቀመጡበት ሁሉ የቀረበ ነበር።

ድንገት መሐንዲሱ ቀና አለ። «እናቴ ደረጃው ላይ ናት።»

የስፌት መኪናው ቀጥ አለ። «ደረጃው ላይ?» አለች እናት ከሳሎን። «ሳሎኑ እንዲህ ሆኖ? ምን ይዋጠኝ!» መጋረጃ ሲጎተት፣ መቀስ ሲወድቅ ተሰማ።

«ጉልበቷን እያሳረፈች ነው። ራሴ ሄጄ አያታለሁ ብላ ነው የመጣችው።»

* * *

ወይዘሮዋ፣ የመሐንዲሱ እናት፣ ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች፣ አንገቷን በሐር ሻርፕ የሸፈነች፣ ፊቷን በዱቄት ያሳመረች ሴት ናት። የተሰፋ መጋረጃ ክምር አጠገብ ስትቀመጥ ክፍሉ የጠበበ መሰለ። ቀማሚዋ ሳሎን መጥታ እጅ ነሳች። እጆቿን አልደበቀችም። የምትደብቅበትም አቅም አልነበራትም።

ወይዘሮዋ እጆቹን ረጅም ጊዜ አየች። የቀማሚዋ እናት ትንፋሿን ያዘች። ሻዩን ሳይጨርሱ የሄዱት ሰዎች፣ ብርጭቆዎቹ፣ ሁሉም ፊቷ ላይ ተመልሶ መጣ።

«መብራት ነው?» አለች ወይዘሮዋ።

«አዎ። እርስዎ... ምሳ ሲጠሩኝ ደስ እንዲልዎት ብዬ ነው።»

«ለኔ ብለሽ?»

ወይዘሮዋ ቦርሳዋን ከፍታ መሐረብ አወጣች። ቀማሚዋ እንባ ልትጠርግ መሰላት። እሷ ግን የአፍንጫዋን ጎን ዱቄት መጥረግ ጀመረች። ከዱቄቱ ሥር ወደ ጉንጭ የሚወርድ፣ የተሰፋና የጎደጎደ ጠባሳ ወጣ።

«እማዬ! ወድቄ ነው አላልሽኝም?» አለ መሐንዲሱ።

«ላንተ ምን ልበልህ? አባትህ ሲያደንቀው የኖረው መልኬ ነው እንዲህ ያደረገኝ ልበልህ? ሐኪም ቆርጦ ያወጣው ነው። ካንሰር ነበር፣ በጊዜ ተደረሰበት። ያ ሁሉ ዓመት መብራት ሥር መተኛቴ ሳይሆን አይቀርም አሉኝ።» ወደ ቀማሚዋ ዞረች። «ልጄ ለሰው ሁሉ ውበቴን ያወራል። እኔ ደግሞ እውነቱን ለመናገር አፍሬ በዱቄት እሸፍናለሁ። ተናግሬ ቢሆን ኖሮ አንቺ ዛሬ በፋሻ አትሆኚም ነበር። ይቅር በይኝ ልጄ።»

«አሁንስ ድነዋል?» አለች የቀማሚዋ እናት፣ ማንም ሳይጠይቃት።

«በየጊዜው እታያለሁ እንጂ ደህና ነኝ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ከእንግዲህ እኔም እፈራልዎታለሁ። በዚህ አልታማም።»

ወይዘሮዋ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋ ወደ እንባ ሄደ። «የሚፈራልኝ ሰው ካጣሁ ቆየሁ» አለች።

ቀማሚዋ ግን አሁንም አንድ ነገር ደረቷ ውስጥ ተሰንቅሮ ነበር። መናገር ነበረባት። «ቃጠሎው ይድናል» አለች። «ነጩ ግን አብሮኝ የሚኖር ነው። ይሄንን ይወቁልኝ።»

ወይዘሮዋ እንባዋን ጠረገች።

«ልጄ ከሱቃችሁ ባመጣው የመጀመሪያ ጣሳ የሳሎኔን ግድግዳ ቀባልኝ። መሃሉን ብቻ። ከጥግ እስከ ጥግ ቀባው ብለሽው ነበር አሉ።»

«ብዬው ነበር።»

«አልገጠመም። የገባ እንግዳ ሁሉ ያየዋል። ሠራተኞች እናስተካክለው ሲሉ ከለከልኳቸው። ልጄ ያን ቀን ቀለም ሲቀባ ያፏጭ ነበር። አባቱ ከሞተ ወዲህ ሲያፏጭ ሰምቼው አላውቅም። ጠዋት ጠዋት ሳልፍ ያንን ቦታ በእጄ ነካ አደርገዋለሁ። አልገጠመም ብዬ ግድግዳዬን ላፍርስ እንዴ?» ብላ ተነሳች። «ምሳው ቤት ቀዝቅዟል። እናትሽ ጥላ ትያዝልሽ። እኔ ደረጃውን ቀድሜ ልጀምር፣ ለኔ መውረድም ሥራ ነው።»

እናት ጥላውን ፍለጋ ተሯሯጠች። «ከደረጃው እንዳይወድቁብን ደግሞ፣ ሦስተኛው ደረጃ ጠርዙ ተሰብሯል!» እያለች ወይዘሮዋን ክንዷን ይዛ ወጣች። ድምፃቸው እየራቀ ሄደ፤ አንዷ ስታስጠነቅቅ፣ ሌላዋ ስትስቅ።

ቀማሚዋና መሐንዲሱ በሩ ላይ ቀሩ። ያ የተለመደ ዝቅ ያለ ድምፁ ተመለሰ።

«እንሂድ?»

እጁን ዘረጋ። ከዚያ ፋሻውን አየና ግማሽ መንገድ ላይ አቆመው፣ እንደዚያ ሐሙስ ባዶ ጠረጴዛ ላይ እንደቀረው። ቀማሚዋ እጁን ባዶ ሆኖ ለሁለተኛ ጊዜ ማየት አልፈለገችም። የራሷን አነሳችና መዳፉ ላይ አስቀመጠችው፣ ነጩንም፣ ጠይሙንም፣ የተቃጠለውንም።

ጣቶቹ ቀስ ብለው ተከደኑ።

«ያምሻል?»

«ያመኛል» አለች ዐይኗን ከዐይኑ ሳትነቅል። «አትልቀቀኝ።»